የሆቴልና መስተንግዶ ምርምርን በመነሻ ድጋፍ ማስጀመር፦ የተለያዩ የሙያ ዘርፎችን ለሚያጣምሩ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የመነሻ ድጋፍ የሚባለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማዕከል ገና ማስረጃ ላልተሰበሰበለት ሐሳብ የሚመድበው አነስተኛ የምርምር ገንዘብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ለሚቆይ ሥራ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሰጪው አካል በምላሹ የሚጠብቀው የተጠናቀቀ ጥናት ሳይሆን ቡድኑ ከሌላ ምንጭ ከፍ ያለ ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያበቃውን የመጀመሪያ ማስረጃ ነው። ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት ይህ ልዩነት ስለሚዘነጋ ነው፤ አመልካቾች የሦስት ዓመት ጥናታቸውን በአንድ ዓመት ልክ አጣጥፈው ያቀርባሉ፣ ገምጋሚው ደግሞ በተባለው ገንዘብና ጊዜ የማይሠራ መሆኑን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነብ ይረዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው ትልቁ ጥናት እንዳይጀመር አንቆ የያዘውን አንድ ያልታወቀ ነገር ለይቶ በማውጣትና የመነሻውን ገንዘብ ለዚያ ብቻ በማዋል ላይ ነው።

ደረጃ አንድ፦ አንድ ሙያ ብቻውን የማይመልሰውን ጥያቄ ይምረጡ

የመስተንግዶ ዘርፍ ለጋራ ምርምር የተመቸ ነው፤ አንድ ሆቴል የሕንፃ ምሕንድስናን፣ የምግብ ደኅንነትን፣ የሠራተኛ ጤናን፣ የዋጋ አወጣጥንና የሰው ባሕርይን ጥያቄዎች በአንድ ግቢ ውስጥ አሰባስቦ ይዟል። ይሁን እንጂ ሁለት የትምህርት ክፍሎች ስማቸውን በአንድ ማመልከቻ ላይ ስላሰፈሩ ብቻ ጥያቄው የጋራ አይሆንም። ቀላሉ መፈተኛ ከቡድኑ አባላት አንዱን በሐሳብ አውጥቶ ማየት ነው፤ ያ ሰው ወጥቶም ጥናቱ ምንም ሳይጎድለው የሚቀጥል ከሆነ፣ ሙያው የተጨመረው ለማመልከቻው ድምቀት ነው ማለት ነው። ገምጋሚዎች ይህን ዓይነቱን ጌጥ ለመለየት ብዙ አይቸገሩም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ በቅርበት እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው ቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል በተካሄደ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ የተገኙ ሰዎች ምክንያቱ ባልታወቀ የሳንባ ምች ታመው 30 ያህሉ ሞቱ፤ በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ፣ ዛሬ ሌጂዮኔላ የምንለው፣ ተለይቶ የታወቀው በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ነው። ይህ ባክቴሪያ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅና በቆመ ውኃ ውስጥ ይራባል። በዚህም የተነሣ ሙቅ ውኃ በ60 ዲግሪ እንዲከማችና ቧንቧው ጫፍ ላይ ሲደርስም ከ50 ዲግሪ እንዳያንስ በብዙ የጤና መመሪያዎች ይመከራል። የኃይል ቁጠባ ባለሙያው ግን የማከማቻው ሙቀት ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ የደኅንነት ኃላፊው እንግዳው በገላ መታጠቢያው ሥር እንዳይቃጠል ይሠጋል። በዚህ ላይ እንግዳ በሚቀንስበት ወቅት የእንግዳ መቀበያው ክፍል ለጽዳትና ለኃይል ወጪ ሲል እንግዶችን በጥቂት ፎቆች ላይ ሰብስቦ ሌሎቹን ስለሚዘጋ፣ በተዘጉት ክፍሎች ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ለቀናት ይቆማል።

ከዚህ የሚወጣው የምርምር ጥያቄ፣ ክፍሎች ለእንግዶች በተራ ቢመደቡ በቆመው ውኃ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ መጠን ይቀንሳል ወይ፣ የሚጨመረው የጽዳትና የኃይል ወጪስ ምን ያህል ነው የሚል ሊሆን ይችላል። ማይክሮባዮሎጂስቱ ናሙናውን ይመረምራል፣ መካኒካል መሐንዲሱ የቧንቧውን መስመርና ሙቀቱን ያሰላል፤ ክፍል እንዴት እንደሚመደብና ውኃውን በተግባር ማን እንደሚያፈስስ የሚያውቀው ግን የሆቴል አስተዳደር ተመራማሪው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢቀር ጥያቄው ይፈርሳል።

አሁን ትልቁን ጥያቄ ትተው የሚያግደውን ነገር ይፈልጉ። በዚህ ምሳሌ የሚያግደው አንድ ነገር አለ፦ የሆቴሉ የኮምፒዩተር መዝገብ አንድ ክፍል ባዶ ነበር ባለበት ቀን በእርግጥ ውኃው ቆሞ ነበር ወይ? ክፍሉ ሳይከራይ የጽዳት ሠራተኛዋ ቧንቧውን ከፍታ ሊሆን ይችላል፤ ተከራይቶም እንግዳው ሌሊቱን ውጭ አሳልፎ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ የማይታመን ከሆነ ትልቁ ጥናት መሠረት የለውም። ይህን ለማወቅ በሙቅ ውኃ ቧንቧው ላይ የሚታሰር አነስተኛ የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያና የጥቂት ሳምንታት ሥራ ይበቃል። የመነሻ ድጋፍ የሚጠየቀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ ቡድኑን ያዋቅሩ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያስፍሩ

የማመልከቻ ጥሪዎች ብዙ ጊዜ ከሁለት የተለያዩ ኮሌጆች የመጡ ተመራማሪዎች እንዲኖሩ ያስገድዳሉ። ሦስት ወይም አራት አባላት ለመነሻ ሥራ በቂ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ስብሰባ ማመቻቸቱ ራሱ ሥራ ይሆናል። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ካስፈለገ ጥያቄው በሚቀረጽበት ጊዜ ይጋበዝ፤ መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ባለሙያ ሊሠራ የሚችለው ጥቂት ነው።

የጋራ ሥራን ከሁሉ በላይ የሚያናጋው የደራሲነት ቅደም ተከተል ነው። በኢኮኖሚክስ የደራሲያንን ስም በፊደል ተራ መደርደር የተለመደ ሲሆን፣ በሕይወት ሳይንስ ደግሞ የመጨረሻው ስም የቤተ ሙከራው መሪ ቦታ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለቱም ወገኖች የራሳቸው ልማድ ግልጽ እንደሆነ አድርገው ስለሚቆጥሩት ጉዳዩ የሚነሣው ጽሑፉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይጠየቅ በፊት ማን የትኛውን ጽሑፍ እንደሚመራ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና አንድ አባል ቢለቅ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈራረሙ። የሥራ ድርሻን ለመከፋፈል ክሬዲት የተባለው፣ የተመራማሪን አስተዋጽኦ በ14 ዓይነት የሚከፍለው ዝርዝር ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ደረጃ ሦስት፦ ከሆቴሉ ጋር አስቀድመው ይስማሙ

በዚህ ዘርፍ ማመልከቻ ላይ ሚዛን የሚደፋው ሰነድ የትብብር ደብዳቤው ነው። «ምርምሩን በደስታ እንደግፋለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ጠቃሚው ደብዳቤ ስንት ክፍሎች፣ ለስንት ሳምንት፣ በየትኛው ወቅት ለጥናቱ ክፍት እንደሚሆኑ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚሰጥና ከኮምፒዩተሩ የሚያወጣው ሠራተኛ የሥራ መደብ የትኛው እንደሆነ፣ ውጤቱ ሆቴሉን ባያስደስትም እንኳ ተመራማሪዎቹ የማሳተም መብት እንዳላቸው በግልጽ ያስቀምጣል።

ከመፈራረምዎ በፊት ማን የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ያጣሩ። በብዙ ሆቴሎች የሕንፃው ባለቤት፣ ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ኩባንያና ስሙን ያከራየው ድርጅት ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ክፍሎቹን ሊከፍትልዎ ቢችልም የእንግዶችን መረጃ ለማስተላለፍ ግን ሥልጣኑ የሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ዘግይቶ ማወቅ የድጋፉን ግማሽ ጊዜ ይበላል። ከሥራ አስኪያጁ ሌላ የጥገና ኃላፊውንና የክፍሎች ጽዳት ኃላፊዋን በአካል ማነጋገር ያስፈልጋል። በተግባር ጥናቱን የሚያስኬዱትም ሆነ ሳይናገሩ የሚያቆሙት እነርሱ ናቸው።

የንግድ ምስጢርን በተመለከተ፣ ሆቴሎች የገቢ አኃዛቸውን ለመስጠት ቢያመነቱ አያስደንቅም። ሬቭፓር በመባል የሚታወቀው መለኪያ የተያዙ ክፍሎች ድርሻ በአማካይ የክፍል ዋጋ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ይህንና የተያዙ ክፍሎችን ድርሻ ያወቀ ተፎካካሪ አማካይ ዋጋውን በቀላሉ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው መፍትሔ ሆቴሉ ትክክለኛውን አኃዝ ሳይሆን የመጀመሪያውን ወር 100 አድርጎ የተሰላ ንጽጽር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ለአብዛኞቹ የምርምር ጥያቄዎች ይህ ይበቃል።

ደረጃ አራት፦ የሙከራ ጥናቱን ሊመልስ በሚችለው ጥያቄ ልክ ይንደፉ

ብዙ ቡድኖች የመነሻ ገንዘቡን አንድ አሠራር ለውጥ እንደሚያመጣ ለማረጋገጥ እናውለዋለን ብለው ይጽፋሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የሆቴል እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ የሚጠይቅ ካርድ «አብዛኞቹ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ» የሚል መልእክት ሲይዝ ጥያቄውን የሚቀበሉት ከ35 በመቶ ገደማ ወደ 44 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አሳይቷል። ይህን የሚያህል ልዩነት በተለመደው የ5 በመቶ የስሕተት ገደብና በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ) ለመለየት በእያንዳንዱ ቡድን 460 ያህል እንግዶች ያስፈልጋሉ። በ40 ክፍሎች የሚሠራ የመነሻ ጥናት ልዩነቱን ቢያገኝ እንኳ በአጋጣሚ ያገኘው ሊሆን ይችላል፤ ባያገኝም የለም ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን ሆቴሎች ተደግሞ የተሠራ ጥናትም ያንን የመልእክት ብልጫ አላገኘም። አንድን ውጤት ከሌላ ቦታ ወስዶ እንደተረጋገጠ መቁጠር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስሌቱ በሆቴል ውስጥ ደግሞ ይከብዳል። በአንድ ቋሚ የቧንቧ መስመር የሚጠጡ ክፍሎች ውኃቸው ስለሚመሳሰል እያንዳንዱን ክፍል እንደ አንድ ነጻ ምልከታ መቁጠር አይቻልም። በአንድ መስመር 20 ክፍሎች ቢኖሩና በመካከላቸው ያለው የመመሳሰል መጠን 0.05 ብቻ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ናሙና በ1.95 ይባዛል፤ ማለትም 200 ክፍሎች የሚሰጡት መረጃ 100 ያህል ነጻ ክፍሎች ከሚሰጡት አይበልጥም። ይህን የመመሳሰል መጠን መገመት ራሱ ለመነሻ ጥናት ተገቢ ዓላማ ነው፤ ትልቁን ፕሮፖዛል የሚገመግም ሰው በመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ቁጥሮች አንዱ ይህ ነውና።

እንግዲህ የመነሻ ጥናቱ ሊለካቸው የሚገቡት፣ ከተጠየቁት ውስጥ ስንት ሰዎች እንደተስማሙ፣ ከሚጠበቀው መረጃ ምን ያህሉ ሳይጎድል እንደተሰበሰበ፣ መለኪያው ምን ያህል እንደሚታመንና ሥራው በሠራተኞቹ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደጨመረ ናቸው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በአንድ ፈረቃ 15 ክፍሎች የምታጸዳ ሠራተኛ በየክፍሉ አንድ ደቂቃ የሚወስድ ቅጽ እንድትሞላ ቢጠየቅ ሩብ ሰዓት ተቀምቶባታል፤ ይህ ጊዜ ካልታሰበ ቅጾቹ በፈረቃው ማብቂያ ላይ በግምት ተሞልተው ይመለሳሉ። ስለሆነም ለመቀጠል ወይም ለማቆም የሚያበቃውን መመዘኛ ሥራው ሳይጀመር ይጻፉት። ለውኃው ምሳሌ፣ «መዝገቡና የሙቀት መሣሪያው ከአሥር ቀናት ቢያንስ በዘጠኙ ካልተስማሙ የክፍል መዝገቡን እንደ መለኪያ አንጠቀምም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከረዥም የዓላማ መግለጫ የበለጠ ገምጋሚን ያሳምናል።

ደረጃ አምስት፦ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከማመልከቻው ጎን ለጎን ያስኪዱ

ፈቃዱ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ይጠየቃል ብሎ መተው የጊዜ ሰሌዳውን ያበላሻል። የመስተንግዶ ምርምር ሁለት ዓይነት ተሳታፊዎች አሉት። እንግዶችን በሚመለከት፣ ስም ማጥፋት ብቻውን ማንነትን አይሰውርም፤ የክፍል ቁጥርና ቀን በአንድ ላይ ካሉ ሰውየውን የሆቴሉ መዝገብ ያለው ማንም ሰው ያገኘዋል። የክፍል ቁጥሮቹ በምስጢራዊ ኮድ እንዲተኩና የኮዱ ቁልፍ በተመራማሪዎቹ እጅ እንዳይኖር ማድረግ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ የሚገዛ ሆቴል ከሆነ ደግሞ መረጃው በምን ሕጋዊ መሠረት እንደሚተላለፍ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ሠራተኞችን በሚመለከት ያለው ጥንቃቄ የበለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና በሰባት ሆቴሎች የሚሠሩ 84 የክፍል ጽዳት ሠራተኞችን ያሳተፈ የሥነ ልቦና ጥናት እንደሚያሳየው፣ እነዚህ ሠራተኞች ለጤናና ለባሕርይ ምርምር ዋና ተሳታፊዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን አለቃቸው በቆመበት «ፈቃደኛ ነሽ?» ተብሎ መጠየቅ ፈቃደኝነትን ስም ብቻ ያደርገዋል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ተመራማሪው ራሱ፣ አስተዳዳሪ በሌለበትና በሥራ ሰዓት ይሁን፤ የግለሰብ ውጤት ለአስተዳደሩ እንደማይሰጥም በትብብር ደብዳቤው ላይ ይስፈር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አስቀድሞ መልስ ይሻል፦ በናሙናው ውስጥ አደገኛ የባክቴሪያ መጠን ቢገኝ ምን ይደረጋል? ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይነገራል፣ ክፍሉስ ይዘጋል ወይ? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ተመራማሪው በምስጢር ጥበቃና በሰዎች ደኅንነት መካከል ተይዞ ይቀራል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን መጠየቁ ስለማይቀር ቀድሞ መመለስ ይሻላል።

ደረጃ ስድስት፦ በጀቱን ከሥራው ያውጡ

የማመልከቻ ጥሪውን የወጪ ክልከላ ከሁሉ በፊት ያንብቡ። ከዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኝ የመነሻ ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ የመምህራንን ደመወዝና ተዘዋዋሪ የአስተዳደር ወጪን አይሸፍንም፤ የተማሪ ረዳቶችን ክፍያ፣ የቤተ ሙከራ ምርመራን፣ አነስተኛ መሣሪያዎችንና መረጃ መግዣን ግን ይፈቅዳል። እያንዳንዱ የወጪ መስመር ከተዘረዘረ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት። 10 ክፍሎች፣ በየክፍሉ ሁለት ቧንቧዎች፣ ስድስት ዙር ከሆነ 120 ናሙናዎች ይሆናሉ፤ ለጥራት መቆጣጠሪያ 10 በመቶ ሲጨመር 132። ገምጋሚው ይህን ብዜት ራሱ ሊያደርገው ከቻለ በጀቱን ያምነዋል። የሌጂዮኔላ ባክቴሪያን በቤተ ሙከራ አሳድጎ ለመለየት እስከ አሥር ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል የናሙና ዙሮቹም በዚያው ልክ ይራራቁ። የግዥ ሂደት ወራት በሚወስድበት ተቋም ውስጥ መሣሪያውን ከመግዛት ከሌላ ትምህርት ክፍል መዋስ ይመረጣል።

ደረጃ ሰባት፦ ማመልከቻውን ከእርስዎ ሙያ ውጭ ለሆነ አንባቢ ይጻፉ

የጋራ ምርምር ገምጋሚ ከቡድኑ ሙያዎች ቢበዛ አንዱን የሚያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ችግሩን፣ የሚያግደውን ያልታወቀ ነገር፣ እርሱ በምን እንደሚፈታና ቀጥሎ ምን እንደሚሆን መያዝ አለበት፤ የጽሑፍ ዳሰሳው ከዚያ በኋላ በአጭሩ ይምጣ። እያንዳንዱ አባል የራሱን ክፍል ጽፎ የተሰፋ ማመልከቻ ወዲያው ይለያል። ስለዚህ አንድ ሰው ሙሉውን በአንድ ድምፅ ይጻፈው፣ ሌሎቹ ያርሙት። ከመላኩ በፊትም ከሙያው ውጭ የሆነ የሥራ ባልደረባ አንብቦት ጥናቱ ምን እንደሆነ በቃሉ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ የነገረዎት ከጻፉት ከተለየ የሚታረመው ጽሑፉ ነው።

ከሁሉም በላይ በደንብ መጻፍ ያለበት ክፍል ስለቀጣዩ ገንዘብ የሚናገረው ነው። «ውጤቱን ተጠቅመን ሌላ ድጋፍ እንፈልጋለን» ማለት አይበቃም። የሚያመለክቱበትን ቀጣይ የድጋፍ ዓይነት፣ የማመልከቻውን ወርና ከመነሻ ጥናቱ የሚገኘው የትኛው ቁጥር በየትኛው የፕሮፖዛሉ ክፍል እንደሚገባ ይጥቀሱ። ፊርማዎችን በተመለከተ፣ የሁለት ኮሌጆች ኃላፊዎች መፈረም ስላለባቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይተዉ።

ደረጃ ስምንት፦ ድጋፉ ከተገኘ በኋላ

በመጀመሪያው ወር የሒሳብ ቁጥሩ እንዲከፈት፣ ረዳቶቹ እንዲቀጠሩና የሆቴሉ ሠራተኞች ገለጻ እንዲሰጣቸው ያድርጉ። በጥናቱ አጋማሽ አስቀድሞ የተጻፈውን መመዘኛ አውጥተው ይመልከቱ፤ ካልተሟላ ለሰጪው አካል በጽሑፍ አሳውቆ ዕቅዱን ማሻሻል ገንዘቡን ይዞ ዝም ከማለት እጅግ የተሻለ ነው፤ ብዙ ሰጪዎችም ይህን ይቀበላሉ። መዝገቡ የማይታመን መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ትልቁ ጥናት በሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲነደፍ ያደርጋልና ለሪፖርት የሚበቃ ውጤት ነው።

ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚሰጥ ከሆነም ቡድኑ አንድ ላይ ሆኖ ያንብበው። ከአስተያየቶቹ ሁለቱ ስለ ሆቴሉ መተባበር ከጠየቁ የሚሻሻለው ጽሑፉ ሳይሆን ደብዳቤው ነው።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ለሆቴሉ ይቅረብ፤ ምስጢራዊ የንግድ መረጃ በስሕተት እንዳይወጣ የሚያይበት 30 ቀን ይሰጠው፣ መልስ ባይሰጥም ጽሑፉ እንደሚላክ በመጀመሪያው ውል ላይ ይጻፍ። ለጥገና ኃላፊውና ለጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ ከሪፖርቱ የተለየ፣ የትኞቹ ቧንቧዎች ስንት ቀን ቆመው እንደተገኙና ምን ቢደረግ እንደሚሻል የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘጋጅላቸው።